ከማርያም እስከ ማርያም

ጎንደር፣ ጥር 12 ቀን 1946 ዓ.ም.

ይድረስ ለእት ዓለሜ ለወለተሩፋኤል፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ከብቶቹስ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደኅና ነኝ። ጉንፋኑንም ያገኘሁት ትናንት በጥምቀት ቀሃ ወንዝ ወርጄ ጎረምሶቹ ውሃ ሲራጩ ነው። መሪጌታ ነው ብለው አልራሩልኝም።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ በላቸው በእጄ ሰጠኝ። ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል፤ ሦስቱንም እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለእናታችን ዝክር ስላልመጣሁ ይቅር በይኝ። ለመንገድ ተነሥቼ ነበር፤ የደብሩ አለቃ «ለጥምቀት ማን ሊመራልን ነው?» ብለው አስቀሩኝ። ለማርያም እመጣለሁ።

ነቀዙ ከየት መጣ ላልሽው፣ ከቆላ ካስመጣሽው ማሽላ ጋር ነው የገባው። በእናንተ ብርድ ብቻውን እንዲህ አይበረታም ነበር፤ አንዴ ቤት ከለመደ ግን ከጎታ ጎታ ይዛወራል።

ሰው ይገድላል ወይ ላልሽው፣ ለነቀዙ መድኃኒት ያልኩሽ ብርብራ ዓሣ የሚያሰክር ፍሬ ነው። የጎርጎራ አጥማጆች ወቅጠው ውሃ ላይ ይበትኑታል፣ ዓሣውም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ለዘር ባስቀመጥሽው ገብስ ላይ ብቻ ነስንሺው፤ ለምግብ ያልሽውን አትንኪ። ቸግሮሽ የምትበዪው ከሆነም ደጋግመሽ እጠቢው። ስትነሰንሺ አፍንጫሽን ሸፍኚ። እኔ ሳልሸፍን ወቅጬ ቀኑን ሙሉ ሳስነጥስ ዋልኩ፤ ተማሪዎቼ «ይማርዎ» ማለት ሰለቻቸው።

ስንት ጊዜ ይይዛል ላልሽው ደግሞ፣ ይህን በሰው ወሬ አልነግርሽም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። አምና የላክሽልኝን የእናታችንን ገብስ በሦስት ቅል ከፈልኩት። በአንዱ የብርብራ ዱቄት ጨመርኩ፣ በአንዱ አመድ፣ በአንዱ ምንም። በየቅሉ አሥር አሥር ነቀዝ ከነሕይወቱ አስገባሁ። ድጓ የሚያስተምር ሰው ቁጭ ብሎ ነቀዝ ሲቆጥር ብታዪ ትስቂ ነበር። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ቅሎቹን አያለሁ፣ ያየሁትን በመዝገቤ እጽፋለሁ። ምንም የሌለበት በሁለት ወር ዱቄት ሆነ። የአመዱ ጥቂት ቆየ። ብርብራ ያለበት ግን ከማርያም እስከ ማርያም ያዘ። ከዚያ ወዲያ አዲስ የጨመርኳቸው ነቀዞች ሳይሞቱ ቀሩ፤ ኃይሉ አልቋል ማለት ነው። እንደገና ብነሰንስበት እንደገና ያዘ። እንግዲህ ይህን ቃል አትርሺ፤ ከማርያም እስከ ማርያም።

ሁለት ቋጠሮ ልኬልሻለሁ። ቀይ ክር የታሰረውን አሁን በማርያም ነስንሺና የጎታውን አፍ መርገሽ ዝጊው። በመካከሉ እንዳትከፍቺው፤ ነፋስ ከገባው ዱቄቱ ይደክማል። ነጭ ክር የታሰረው ለሁለተኛዋ ማርያም ነው።

ወንድምሽ
መሪጌታ ሐብተ ማርያም


ከድብ ባሕር ማዶ፣ የካቲት 8 ቀን 1946 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለሐብተ ማርያም፤

የዓይንህን ናፍቆት በወረቀት ልወጣው ካልሁ ወረቀት አይበቃኝም፣ እሱን ልተወው። ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይ? የምጽፍልህ በቄስ ገብረ ሚካኤል እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

እንዳልኸኝ አድርጌያለሁ። በማርያም ዕለት ዱቄቱን ነሰነስኩ፣ የጎታውን አፍ በጭቃና በእበት መረግሁት። አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ነበር። ድመቷ አልሸፈነችም፤ ሦስት ቀን ከቤት ጠፍታ ሰነበተች። ነጩ ቋጠሮ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ደብዳቤህን ቄስ ሁለት ጊዜ አንብበውልኛል። «ከማርያም እስከ ማርያም፣ እንዴት ያለ ያማረ ቃል ነው፤ ለዘር ያደርስሻል ማለት ነው» ብለው ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። እስከዚያ ጎታውን በጣቴም አልነካው።

በኋላኛው ደብዳቤህ ማሳውን ማን ያርስልሻል ላልኸው፣ የጎረቤታችን የአየለች ባል በሬዎቹን ይዞ ይመጣልኛል። ዘሩ ከኔ ነው። ዘሩ እስካለ ድረስ አታስብልኝ። ላይኛው ማሳ ውርጭ የሚያድርበት መሆኑን ታውቃለህ፤ ከእናታችን ገብስ በቀር ውርጩን የሚችል የለም። የሰው ዘር ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ገለባ አጭጃለሁ። እሱ ከሌለ ማሳውን ለሰው ሰጥቼ የሰው እጅ ማየት ነው የሚቀረኝ።

ደግሞስ ዘሩ ከቤት ወጥቶ ያውቃል ወይ ብለህ መጠየቅህ ምነው? በጣሊያን ጊዜ እናታችን ገደል ውስጥ ደብቃ ያተረፈችው ነው። አገር ሁሉ የአባይነሽ ገብስ እያለ የሚጠራው በስሟ ነው። ስትሞትም «ከቤቴ አይውጣ» ስትል ሁለታችንም አጠገቧ ነበርን። የእናቴን ቃል የምረሳ ሰው አይደለሁም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፣ ወረቀቱም አልቋል።

ለማርያም እመጣለሁ ብለሃል። ሸጋ።

እኅትህ
ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ ግንቦት 2 ቀን 1946 ዓ.ም.

ይድረስ ለእት ዓለሜ፤

ለፋሲካ ያልመጣሁበትን ምክንያት ጠይቀሽኛል፤ የሚነገር ምክንያት የለኝም፣ ብቻ አልመጣሁም። ስለ እግሬ የሰማሽው እውነት ነው፣ አሁን ግን ድኗል።

ትናንት የደብራችን ንግሥ ነበር። ልደታ ናትና ንፍሮ በየደጁ ተቀቅሏል። እኔም የራሴን ንፍሮ አወጣሁ፤ የዚያን የቅሉን ገብስ፣ ዓመት አልፎት ዱቄቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያደስኩለትን። ሰባት ውሃ አጠብኩትና ቀቀልኩት። ከቀዳሾቹ መካከል «ሐብተ ማርያም ማኅሌቱን ትቶ የነቀዝ መምህር ሆነ» እያለ የሚያማኝ ነበር። አለቃ አንድ ጭብጥ አንሥተው እያገላበጡ አዩት፣ ቀዳዳ ያለበት ፍሬ አጡ። ከዚያ ሁሉም እጁን ሰደደ። አንዲት ፍሬ ሳትቀር ቅሉ ባዶውን ቀረ። ለጥቂቶቹ ቃሉን ነገርኳቸው፤ ወደ ደምቢያ የሚሄድ አንድ ባለ ርስት ጽፎ ወሰደው።

አንቺም ትናንት በቤትሽ የሚገባውን እንዳደረግሽ አልጠራጠርም። ለሰዎቹም አንቺን ነው ምስክር ያደረግሁት፤ «እኅቴን ጠይቁ፣ ጎታዋን ሂዱና እዩ» ብያቸዋለሁ።

ለማርያም ካልመጣሁ ስሜን አትጥሪው።

ወንድምሽ
ሐብተ ማርያም


ከድብ ባሕር ማዶ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1946 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለሐብተ ማርያም፤

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። እስካሁን ዝም ያልኩት ወንዙ ሞልቶ ወደ ድብ ባሕር መሻገሪያ ስላጣሁ ነው ብዬሃለሁ፣ እንዲያ ብለህ ያዘው።

በልደታ የሚገባውን አድርገናል። ንፍሮ ቀቅለን ከአየለች ጋር በደጅ በላን።

ስለ ገብሱ ጠይቀኸኛል። ክረምቱ በጊዜው ገብቷል፣ ዝናቡ ሸጋ ነው። ጥቁሯ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። አየለች ታማ ነበር፣ ድናለች። ድመቷ ተመልሳለች፤ ከጎታው አጠገብ ግን እስካሁን አትተኛም።

ለማርያም ትመጣለህ ብዬ ጠላ ጠምቄ ነበር። ቄሶቹ ጠጡልህ፤ ስምህንም ጠርተው መርቀውሃል። እኔ ግን እንዳዘዝኸኝ አልጠራሁትም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

እኅትህ
ወለተሩፋኤል

ይህን የጻፍኩ እኔ ቄስ ገብረ ሚካኤል ነኝ። ሰላምታዬ ይድረስዎ። እሷ ያላለችውን መጻፍ አይገባኝም፤ ያለችውን ሁሉ ግን ጽፌያለሁ።


ጎንደር፣ ጥቅምት 20 ቀን 1947 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለወለተሩፋኤል፤

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፣ አዝኛለሁና።

«በላቸው ምን አለህ?» ብለሽ ልከሽብኛል። ያለኝ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ማኪናውን አቁሞ ወደ እኔ መጣና «የእኅትዎን ላይኛ ማሳ ሰው ተልባ ዘርቶበት አየሁ፤ ሰማያዊ አበባው ከመንገድ ይታያል» አለኝ። የእናታችን ማሳ ነው። ገብስ እንጂ ሌላ ነገር በቅሎበት አያውቅም።

በሐምሌ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ዝናብ ነገርሽኝ። በመስከረም ጠየቅሁሽ፣ ደግመሽ ስለ ጥጃው ነገርሽኝ። አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። ነጩን ቋጠሮ በጊዜው ነስንሰሻል ወይስ ረስተሽዋል? ወይስ ጎታውን በመካከሉ ከፍተሽ ለሰው ስታሳዪ ነበር? ዱቄቱ ሥራውን እንደሚሠራ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉድለቱ ከዱቄቱ ካልሆነ ከሰው ነው። እዚህ ስንት ሰው ፊት አንቺን ምስክር አድርጌ ተናገርኩ፤ አሁን ያ የደምቢያ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?

የእናታችንን ዘር በቸልታ አጠፋችው ብዬ እንዳልደመድም መልሺልኝ።

ሐብተ ማርያም


ድብ ባሕር፣ ኅዳር 6 ቀን 1947 ዓ.ም.

ለሐብተ ማርያም፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን የሚጽፍልኝ የድብ ባሕሩ ባለ ሱቅ ማሩ ነው። የፊደል ግድፈት ካለ የማሩ ነው፣ የሐሳብ ግድፈት ካለ የኔ ነው። ቄስ ገብረ ሚካኤልን ያልለመንኩበት ምክንያት ስትጨርስ ይገባሃል።

ለሰው አሳየሽ ወይ ላልኸው፣ ላሳይ የምችለው ነገር አልነበረኝም። ቁርጡ ይኸውልህ። ማርያም በነገሠች ማግስት፣ የአየለች ባል በሬዎቹን ጠምዶ በደጅ ቆሞ ሳለ፣ ምርጉን ሰበርኩ። አስቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ እጄን ስከት ሞቀኝ። የሞቀ እህል አይተህ ታውቃለህ? እኔ ያን ዕለት አየሁ። ያወጣሁት ገብስ አልነበረም፤ ዱቄትና ገለባ ነው፣ በላዩ ነቀዙ ይርመሰመስበታል። የቀረውን በወንፊት ነፋሁትና ውሃ ውስጥ ዘፈቅሁት። ደኅና ፍሬ ይሰምጣል ብዬ ነው። ሁሉም ተንሳፈፈ። ቀኑን ሙሉ በውሃው ላይ ጎንበስ ብዬ የሰመጠ አንድ ፍሬ ስፈልግ ዋልኩ፣ አንድ አላገኘሁም። የአየለች ባል በሬዎቹን ፈታና ሄደ። በሳምንቱ ማሳውን ለሰው ሰጠሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ምነው ወንድም ዓለም? ከማርያም እስከ ማርያም አላልኸኝም? ከጥር ማርያም እስከ ሰኔ ማርያም ጎታውን በጣቴ አልነካሁም። ለሁለተኛዋ ማርያም ነው ያልኸው ነጭ ቋጠሮ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዘሩን ሳወጣ ለተረፈው እነሰንሳለሁ ብዬ ጠብቄዋለሁ። ሳልፈታው ልኬልሃለሁ። ክሩን አይተህ ፍረድ።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ይህን ቢሰሙ ያነበብኩላት እኔ ነኝ ብለው ይታመማሉ። «የትኛዋ ማርያም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ «የኛዋ ናት እንጂ ሌላ የት አለች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ማርያም ያለ ሰው ሰኔ ሃያ አንድን ማለቱ ነው። እሷ ሳትነግሥ ዘር ከቤት አይወጣም። አንተስ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው? በሷ ደጅ አይደለም ወይ ፊደል የቆጠርኸው?

ደብዳቤህን ማሩ ሲያነብልኝ «በቸልታ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዝቅ አድርጎ አነበበው። ሰማሁት።

ሌላም ነገር ልንገርህና ልጨርስ። «ለማርያም እመጣለሁ» ባልህ ቁጥር እኔ የምጠብቅህ ሰኔ ላይ ነው። ሰባት ሰኔ መንገድ አይቻለሁ። ሁለቱን እናታችንም ከኔ ጋር ሆና አይታለች።

ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ ኅዳር 21 ቀን 1947 ዓ.ም.

ይድረስ ለእት ዓለሜ ለወለተሩፋኤል፤

ቋጠሮው ደረሰኝ። ክሩን አየሁት፤ እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ እንዳሰርኩት ነው። ፈርጃለሁ፣ ግን በራሴ ላይ ነው።

የትኛዋን ማርያም ነው ያልኸው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልደታን ነበር። ግንቦት አንድ። የማገለግልበት ደብር ታቦቷ ልደታ ናት፤ እዚህ ማርያም ነገሠች ስንል እሷን ማለታችን ነው። ከጥር ሃያ አንድ እስከ ግንቦት አንድ ብትቆጥሪው መቶ ቀን ነው። ዱቄቱ መቶ ቀን ነው የሚይዘው። አንቺን ያስጠበቅሁሽ መቶ ሃምሳ ቀን ሆነ፤ በዚያ በሃምሳው ቀን ነቀዙ የፈለገውን አደረገ። በመዝገቤ የጻፍኩት «መቶ ቀን» ብዬ ነው፤ ገልጬ አየሁት። ላንቺ ስጽፍ ግን ቃሉን አሳመርኩት። ከማርያም እስከ ማርያም ሲባል ለጆሮ ይጥማል፣ ይዘቱም ቤት የመታ ይመስላል። ቃል ማሳመር ለለመደ ሰው ደረቅ ቁጥር መጻፍ ያሳፍረዋል። ማርያም በዓመት ሠላሳ ሦስት በዓል እንዳላት ለተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ዛሬ እንኳ ይህን የምጽፍልሽ በኅዳር ጽዮን ነው፤ ይህችም ማርያም ናት።

ቄስ ገብረ ሚካኤል በትክክል አንብበዋል። አላስተዋልኩም እንጂ «ለዘር ያደርስሻል» ማለታቸውንም በየካቲት ጽፈሽልኝ ነበር። ጠላ መጥመቅሽንም በሐምሌ ጽፈሽልኛል። ሁለቱንም አንብቤ አለፍኳቸው፤ ዓይኔ የሚፈልገው ስለ ዱቄቱ የሚያመሰግነኝ ቃል ነበር።

ከሁሉ የባሰብኝን ልንገርሽ። በቅሌ ውስጥ የእናታችን ገብስ ነበር። ግማሽ ቁና እንኳ አይሞላም፤ ግን ንጹሕ ዘር ነበር። በልደታ ዕለት፣ አንቺ ጎታሽን ልትከፍቺ በሚገባሽ ሰዓት፣ እኔ ለቀዳሾች ላሳይ ብዬ ቀቅዬ አበላሁት። የመጨረሻዋን ፍሬ ራሴ ነኝ የበላሁት። ጣዕሟ አሁን ድረስ አፌ ውስጥ አለ።

የደምቢያውን ሰው ፈልጌ አገኘሁትና ቁጥሩን ነገርኩት። ለሱ ደረስኩለት። ላንቺ አልደረስኩም።

ሰኔ ማርያምን የረሳሁ አይደለሁም ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ረስቻታለሁ። በሷ ደጅ ያደግሁ ሰው በሌላ ደጅ ስቆጥር ስቆጥር የሷ ቀን ከልቤ ወጣ። የጥቅምቱን ደብዳቤዬን እሳት ውስጥ ጨምሪው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ፊት የለኝም፤ ግን ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ
ሐብተ ማርያም


ድብ ባሕር፣ ጥር 9 ቀን 1947 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለሐብተ ማርያም፤

እንዴት ሰንብተሃል? እህል አልበላም ብሏል ብሎ በላቸው ነገረኝ። ብላ። የሞተው ገብስ ነው፣ አንተ አይደለህም።

የጥቅምቱን ደብዳቤህን እሳት ውስጥ ጨምሪው ላልኸው፣ አልጨመርኩትም፤ የማሩን ሱቅ ወንበር እግር ማስተካከያ ሆኗል። ይቅር ብዬሃለሁ። ይቅር ያልኩህ ግን ደግ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ እኔም ካንተ የደበቅሁት ነገር ስላለ ነው።

አምና ዘሩ ከቤት ወጥቶ ያውቃል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ወረቀቱ አልቋል አልኩህ። ወረቀቱ አላለቀም ነበር። እናታችን በሞተች በዓመቱ ሸዋአየሁ ከኮሶዬ መጣች፤ አብራን ያደገችው፣ ለኮሶዬ ሰው የተዳረችው። የነሱን ማሳ ውርጭ መትቶት ልጆቿን ምን ላብላ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አንድ ቁና ሰጠኋት። የእናታችን ቃል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እየሰማሁት ሰጠኋት። ከዚያ ፈራሁ። ከማን እንዳገኘችው ለማንም እንዳትናገር በማርያም አስማልኳት።

ከገና በኋላ በእግሬ ኮሶዬ ሄድኩ። ደጇ ላይ ስደርስ ነዶው በአውድማው ተከምሯል፤ ከሩቅ አወቅሁት፤ ያ ቀላ ያለ ዛላ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንድ ሰው «ምነው እማማ፣ የሸዋአየሁ ገብስ አየሽው? ውርጭ የሚችል ነው፣ አገሩ ሁሉ ከሷ ይወስዳል» አለኝ። የሸዋአየሁ ገብስ ነው የሚሉት። ሸዋአየሁ ራሷ በሰው ፊት አፈረች። ወደ ጓዳ ስንገባ «ስምሽን እንዳላነሣ አስማልሽኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ የኔ ነው ከማለት ሌላ ምን ልበል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእናታችንን ስም ከገብሱ ላይ የፋቅሁት እኔ ነኝ። አሁን መሐላዋን ፈታሁላት፤ ግን ኮሶዬ በሙሉ የለመደውን ስም ማን ያስለውጠዋል?

ሁለት ቁና ሰጠችኝ፤ በጀርባዬ ተሸክሜ ገባሁ። ጎታውን አጥቤ በጭስ አጥኜዋለሁ። ማሳውን ለክረምቱ መልሼ ወስጃለሁ። ይህ ዘር ሁለተኛ ከጠፋ ግን ሦስተኛ የምሄድበት ደጅ የለኝም።

ስለዚህ ሁለት ቋጠሮ ላክልኝ። ማርያምን ተዋትና ቀኑን በቁጥር ጻፍልኝ።

እኅትህ
ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ ጥር 20 ቀን 1947 ዓ.ም.

ይድረስ ለእት ዓለሜ፤

ተቆጥተህብኛል ወይ ብለሽ በበላቸው ልከሽብኛል። በምን ልቆጣ? የእናታችንን ቃል ባትሽሪ ኖሮ የእናታችን ዘር ዛሬ አይኖርም ነበር። ደብዳቤሽን ከማንበብ ላይ ተነሥቼ ገበታ ቀረብኩ፤ በልቻለሁ፣ አታስቢ።

ቋጠሮዎቹ እነሆ። ቁጥሩ ይህ ነው፤ ጥር 25 ቀን ነስንሺ። መቶ ቀን ይይዛል። መቶኛው ቀን ግንቦት 5 ነው። አቦ ነው አልልሽም፤ ግንቦት 5 ነው። በዚያ ቀን ከፍተሽ ሁለተኛውን ትነሰንሻለሽ፤ እሱም ከሰኔ ዘር አልፎ ያደርስሻል።

የልደታ ንግሥ በአራት ቀን አስቀድሞ ስለሚያልፍ ሥራ አይኖርብኝም። ግንቦት 5 በበላቸው ማኪና መጥቼ ጎታውን አብረን እንከፍተዋለን። ቀኑን በቁጥር ጽፌዋለሁ።

ወንድምሽ
ሐብተ ማርያም


ከድብ ባሕር ማዶ፣ ግንቦት 6 ቀን 1947 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለሜ ለሐብተ ማርያም፤

ጸሐፊዬ ዛሬ ቄስ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ይዘው «ልደታንስ እኔ እንዴት ረሳኋት?» አሉ። ከዚያ ብርዓቸውን አነሡ።

ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ድብ ባሕር ዳገቱ ላይ ተቀምጬ ነበር። የበላቸው ማኪና በአምስት ሰዓት ደረሰ። የፊተኛው ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ ነጋዴ ተቀምጣለች። «መሪጌታን ፒያሳ ላይ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፍቼ ጠበቅኋቸው፣ ቀሩ» አለኝ። ለምን እንደቀረህ አልጠይቅህም፤ ምክንያትህ ሁልጊዜ ሸጋ ነው።

ጎታውን ብቻዬን ከፈትኩት። ምርጉን ሰበርኩ። እጄን ስከት ቀዘቀዘኝ። አፍሼ ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኩት፤ ቀዳዳ ያለበት አንድ ፍሬ የለም። በውሃ ሞከርኩት፣ ሰመጠ። መቶ ቀን ይይዛል ያልኸው እውነት ነው። ነጩን ቋጠሮ ፈትቼ ነሰነስኩና አፉን መልሼ መረግሁት። ድመቷ ገና ቋጠሮውን ስታይ ወጣች።

ሥራህ ደኅና ነው፤ ለሰዎቹ ንገራቸው።

ዘሩን ሳወጣ ጎታውን የሚያዘነብልልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አየለችም አለች፣ ባሏም አለ። ቢሆንም ነገርኩህ።

ማርያም ሰኔ ሃያ አንድ ናት።

እኅትህ
ወለተሩፋኤል